ወገኑን የማይቀጣ ወገን

እስቲ አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልጠይቅ። በኳስ ሜዳ ዳኛ የሰደበ፣ ድንጋይ የወረወረ ወይም የተጋጣሚውን ብሔር እየጠራ ያዋረደ ሰው፣ በተቃራኒው ወገን ሳይሆን በራሱ ወገን፣ ከአጠገቡ በተቀመጠው ደጋፊ፣ እጁን ተይዞ «ተው! አታሰድበን» ሲባል ስንት ጊዜ አይታችኋል? ፖሊስ ሲይዘው አይታችሁ ይሆናል። ፌዴሬሽኑ ክለቡን በገንዘብ ሲቀጣም ሰምታችኋል። የገዛ ወገኑ ሲቀጣው ያየ ሰው ግን ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህች ጥያቄ ይነሣል። በአገራችን የሕዝብ ስፖርት ውስጥ የጠፋው የቅጣት ደንብ አይደለም፤ የጠፋው ወገኑን ለመቅጣት የሚደፍር ወገን ነው።

ደንብማ ሞልቶናል። የዲሲፕሊን መመሪያ አለ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፤ ይግባኝ ሰሚ አለ፤ ቢጫና ቀይ ካርድ አለ። ከፌዴሬሽን እስከ ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ድረስ ማኅተም ያልደረሰበት ጠረጴዛ የለም። የጎደለን ማኅተም ሊሠራው የማይችለው ነገር ነው፤ እርሱም ዕፍረት ነው። ዕፍረት ደግሞ ከደብዳቤ አይመጣም፤ ሰው የሚያፍረው በሚያከብራቸው ሰዎች ፊት ነው። የሚያከብራቸው ሰዎች ስድቡን በጭብጨባ ከተቀበሉት፣ ሺህ ገጽ መመሪያ ቢጻፍ ምን ይፈይዳል?

የ2010 ዓ.ም.ን የውድድር ዘመን እናስታውስ። በኅዳር ወር፣ ወልድያና መቀሌ ሊጫወቱ ቀጠሮ በተያዘበት ዕለት፣ በወልድያ ከተማ ፀብ ተነሣ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ፤ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ኳሱ ሳይመታ ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያ ጋር ባደረገው ግጥሚያ፣ ዳኛው ባጸደቁት ግብ ምክንያት ተደበደቡ። ፌዴሬሽኑም ውድድሩን አገደ።

እነዚህን ሁለት ክስተቶች የማነሣው አንዱን ከተማ ወይም አንዱን ክለብ ለመኮነን አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። በእነዚያ ሳምንታት እኛ ተምረናል የምንለው፣ ጋዜጣ የምናነብበው፣ በማኅበራዊ መገናኛ አስተያየት የምንሰጠው ሰዎች ምን አልን? የወልድያ ወዳጅ የመቀሌውን ጥፋት ቆጠረ፤ የመቀሌ ወዳጅ የወልድያውን ቆጠረ። እያንዳንዱ የሌላውን ድንጋይ አነሣ እንጂ የራሱን ወገን ድንጋይ ያነሣ፣ «ይህን የወረወረው የእኛ ልጅ ነው፤ እኛ እንጠይቀዋለን» ያለ ድምፅ በጩኸቱ መካከል የሚሰማ አልሆነም። ድንጋዩን የወረወረው እጅ ምናልባት የሥራ አጥ ወጣት እጅ ይሆናል፤ ድንጋዩን ትክክለኛ ያደረገው ብዕር ግን የተማረ ሰው ብዕር ነበር።

የኃላፊዎቹ መልስስ ምን ነበር? ሁለት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘ። አንደኛው የገንዘብ ቅጣት ነው። ይህ ቅጣት በወረቀት ላይ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። እንግዲህ ድንጋይ ወርዋሪው ወረወረ፤ ክለቡ ተቀጣ፤ ቅጣቱን የከፈለው ግን ምናልባት ስታዲየም ረግጣ የማታውቅ፣ ግብሯን በጊዜዋ የምትከፍል የጉሊት ነጋዴ ናት። አጥፊው አንዲት ሳንቲም አልጎደለበትም። ጥፋት ከአንዱ፣ ዕዳ ከሌላው የሆነበት ቅጣት ሥነ ምግባርን ሊያስተምር አይችልም፤ የሚያስተምረው አለመጠየቅን ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ተመልካቹን ማራቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሊጉን የሚያስተዳድር አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ውድድሩ በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን እየተላለፉ በተመረጡ ከተሞች በየተራ ይካሄዱ ጀመር። ለዚህ አሠራር ወረርሽኙና የቴሌቪዥን ሥርጭቱ በቂ ምክንያቶች ነበሩ፤ አልቃወምም። ነገር ግን ክለቦች በየሜዳቸው ሳይሆን በሌላ ከተማ ሲጫወቱ፣ ደጋፊው ከተጋጣሚው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት ዕድል ሲቀንስ፣ ረብሻ ቢቀንስ «ሥነ ሥርዓት ሰፈነ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን በተለያየ ቤት ማሳደር ለአንድ ሌሊት ብልኃት ይሆናል፤ ዕርቅ ግን አይባልም። ጨዋነት የሚፈተነው ባላጋራ ባለበት እንጂ በሌለበት አይደለም።

ጌታ የማይቆጣበት ዕለት

«ስሜት የሌለበት ጨዋታ ምን ጣዕም አለው? ሕዝባችን ስሜታዊ ነው፤ ጨዋታም የሚፈቅደው ይህንኑ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉ። አንዳንዶቹም ባህልን ለምስክርነት ይጠራሉ፤ የገና ጨዋታን። በገና ዕለት ጌታ አይቆጣም የሚለውን አባባል የማያውቅ የለምና፣ «አባቶቻችንም በሜዳ ላይ ሕግ አያውቁም ነበር» ይሉናል። ይህ ምስክር በደንብ ከተጠየቀ ግን የሚመሰክረው ለእነርሱ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው።

የገና ጨዋታ ምን ነበር? ጫፉ የቆለመመ ዱላና ሩር፣ ሰፊ ሜዳና ሁለት ወገን። በጎጃምም ሆነ በሌላው የአገራችን ደጋ፣ በልደት በዓል የአንዱ መንደር ጎልማሳ ከሌላው መንደር ጎልማሳ ጋር ሩሯን እያሳደደ ይውል ነበር። ለተጫዋቹ ቁጥር ልክ አልነበረውም፤ ፊሽካ የያዘ ዳኛም አልነበረውም። ጭሰኛው ከባለ ርስቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል፤ ዱላው ሩሯን ስቶ የጌታን ቅልጥም ቢያገኝ ጌታ መቆጣት አይችልም። ያሸነፈው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ያላግጥበታል፤ ተሸናፊውም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ይህ እውነት ነው። ፈቃዱ እጅግ ሰፊ ነበር።

ነገር ግን ይህ ሰፊ ፈቃድ አራት ድንበር ነበረው። የመጀመሪያው ቀን ነው። ጌታ የማይቆጣው በገና ዕለት እንጂ በማግስቱ አይደለም። ሁለተኛው ሜዳ ነው። ግፊያው ከሜዳው አልፎ ወደ ሰው ደጅ አይሄድም። ሦስተኛው የስድቡ መልክ ነው። ላግጡ በግጥም መምጣት አለበት፤ ግጥም ለመግጠም ደግሞ ቢያንስ ማሰብ ያስፈልጋል። አራተኛውና ዋናው፣ ቂም አለመያዝ ነው። ጌታ አይቆጣም ማለት ባሪያው እንዳሻው ይሁን ማለት ብቻ አይደለም፤ ኃይል ያለው ሰው ኃይሉን ለአንድ ቀን ያስቀምጥ ማለት ነው። ሸክሙ የወደቀው በተመታው ላይ ነው፤ የተመታው ሰው እንዲታገሥ ወገኑ ሁሉ ይጠብቀዋል። ቢቆጣ የሚያፍረው በባላጋራው ፊት ሳይሆን በገዛ መንደሩ ፊት ነው።

እንግዲህ የዛሬውን ሜዳችንን በእነዚህ አራት ድንበሮች እንለካው። ቀኑ አልቆ ፀቡ ለሳምንታት በማኅበራዊ መገናኛ ይቀጥላል። ሜዳው አልቆ ፀቡ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያና ወደ ሱቅ ይሄዳል። ስድቡ ግጥም አይደለም፤ የሰውን ማንነት መጥራት ብቻ ሆኗል፤ ለዚህ ደግሞ አንዲት ስንኝ ማሰብ አያስፈልግም። ቂሙማ ከሜዳ የሚወጣ ሳይሆን ወደ ሜዳ ይዘነው የምንገባ ነው። ከአባቶቻችን ፈቃዱን ወርሰን ድንበሩን ጣልነው። ይህ ባህልን መጠበቅ አይደለም፤ የባህልን ቀፎ ይዞ ማሩን መድፋት ነው።

በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና አቅራቢያ ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤያት የበቀሉበት ሕዝብ፣ ሰውን ያለ ድንጋይ ማሸነፍን አያውቅም ማለት አይቻልም። በቅኔ ቤት ተማሪ ተማሪን ይረታል፤ ስሕተቱን በአደባባይ ያወጣበታል፤ ነገር ግን የሚረታው በቅኔው ጉድለት እንጂ በአባቱ ነገድ አይደለም። መምህሩም «የእኔ አገር ልጅ ነው» ብሎ የተሳሳተውን ቅኔ አያሳልፍም። ክርክር በሕግ እንዲካሄድ ያስተማረን ሌላ አገር አይደለም።

ገመዱን የያዘው ማን ነው?

ከምሥራቅ ጎጃም ሳልወጣ ሌላ ምሳሌ ላንሣ። ከሞጣ በኩል ወርዶ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ፣ ሰባራ ድልድይ የሚባለው፣ ግንባታው ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጋር የሚያያዝ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይጠገን ቆየ። ገበያተኛው፣ ዘመድ ጠያቂውና ሕመምተኛው በገመድ እየታሰረ፣ በወዲህ የቆሙት ገመዱን እየለቀቁለት፣ በወዲያ የቆሙት እየሳቡት፣ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ከወጣ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ተነሣሥቶ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በ1994 ዓ.ም. ድልድዩ ተጠገነ። ጥገናውንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ስለወሰደው በ2001 ዓ.ም. በተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ስንሰማ ስለ ድህነትና ስለ መንግሥት ቸልተኝነት እንናገራለን። ልክ ነው። እኔ ግን ልብ የምለው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ገመድ ላይ ፖሊስ አልነበረም፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አልነበረም። የተንጠለጠለው ሰው ሕይወት በሁለቱም ዳር በቆሙት እጅ ነበር። የጎጃሙ ወገን ጥንቃቄውን ቢተው፣ የጎንደሩ ወገን ብቻውን ቢስብ አይበጅም። እያንዳንዱ ወገን ደግሞ ከመካከሉ ሰነፉንና ቀልደኛውን ከገመዱ ማራቅ ነበረበት፤ ይህን ተሻግሮ መጥቶ ሊያደርግለት የሚችል ሌላ ማንም የለምና። በወዲህ ያለውን ሰካራም ከገመድ የሚያርቀው በወዲህ ያለው ሰው ነው።

ግጥሚያም እንደዚሁ ነው። ሁለት ቡድን ሳይስማሙ ጨዋታ የለም፤ ባላጋራህ የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘልህ ሰው ነው። ባላጋራህን ካባረርኸው ያሸነፍኸው ጨዋታ የለም። የራስህን ወገን ሰካራም ከገመዱ ማራቅ ደግሞ ያንተ እንጂ የባላጋራህ ሥራ አይደለም። የባላጋራህ ሰው መጥቶ ልጅህን ቢቆጣ ጦርነት ይሆናል፤ አንተ ብትቆጣው ግን ትምህርት ይሆናል። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ የአገር ሰላም ግን በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ይህ ነገር ከኳስ ያለፈ መሆኑንም ያው አካባቢ አስተምሮናል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። የከተማው ሕዝብ ሁሉ ክብሪት አልጫረም፤ ይህን የሚል ሰው ሐሰተኛ ነው። እሳቱን ያወገዙና ለመልሶ ግንባታው የለገሱ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ይህም መነገር አለበት። ነገር ግን የወገን ግሣጼ ዋጋው ከፍ የሚለው ከእሳቱ በኋላ ሳይሆን ከእሳቱ በፊት ነው፤ ልጁ ገና ስድብ ሲለማመድ፣ ገና በትንሽ ሜዳ ላይ ድንጋይ ሲያነሣ ነው። ትንሹን ድንጋይ «ስሜት ነው» ብሎ ያለፈ ወገን፣ ትልቁን እሳት ለማቆም የሚሆን ድምፅ አይኖረውም።

በዘር የተመረጠ ቡድን

አሁን ደግሞ ትልቁን የስፖርት ታሪካችንን እናንሣ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ዓመት በካርቱም ሲካሄድ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በዘር የተለየ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አላመጣም አለች። መልሱ እንግዲያውስ አትጫወቺም የሚል ሆነ፤ ውድድሩም በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ድርጅቱን በፕሬዚዳንትነት የመሩት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አፓርታይድን ከስፖርት ለማራቅ ታገሉ።

ለአህጉሩ «በዘር የተለየ ቡድን ከእኛ ጋር አይሰለፍም» ካሉት መካከል የነበረች አገር፣ ከ60 ዓመት በኋላ ደጋፊዎቿ በዘር ተለይተው የሚሰዳደቡባት አገር ሆና መገኘቷ አያሳፍርም? ቡድኖቻችን በዘር የተመረጡ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ክለብ ውስጥ የየክልሉ ልጅ፣ የምዕራብ አፍሪካም ልጅ ይጫወታል። በዘር የተመረጠው ደጋፊው ነው። ሜዳው ላይ ያሉት 11 ሰዎች የተደባለቁ ሆነው ሳለ፣ ከዙሪያው የተቀመጠው ሺህ ሰው አንድ ማንነት ብቻ ይዞ ይጮኻል። ካርቱም ላይ የተከለከለው በራችን ገብቶ መቀመጫ ይዟል።

አምበሉ ያውጣው

ለዚህ ሁሉ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ከገና ጨዋታችን ጋር በዱላና በኳስ የሚመሳሰል፣ በእኛ አገር ግን እምብዛም የማይታወቅ አንድ ጨዋታ ልጥቀስ፤ ክሪኬት። የክሪኬትን ሕግ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚያወጣው የለንደኑ ሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ነው። ጨዋታው በጨዋነት ስሙ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ ለረጅም ዘመን የተጫዋቹ ጠባይ በልማድ እንጂ በዝርዝር ቅጣት አይገዛም ነበር። ነገር ግን በየመንደሩ ሜዳ ዳኛ መስደብና ማስፈራራት እየበዛ ሲመጣ፣ ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ተጫዋቾች ጠባይ የሚደነግግ አዲስ ሕግ አወጣ። ጥፋትን በአራት ደረጃ ከፈለው። ቀላሉ በማስጠንቀቂያ ይጀምራል፤ ሲደገም ለተጋጣሚው አምስት ነጥብ ይሰጣል፤ ከበድ ያለው ተጫዋቹን ለጊዜው ከሜዳ ያስወጣል፤ ዳኛን ማስፈራራትና ድብደባ ግን ከዚያ ጨዋታ ጨርሶ ያሰናብታል።

ከዚህ ሕግ ውስጥ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የደረጃው ብዛት አይደለም። ዳኛው ተጫዋቹን ሲያሰናብት ትእዛዙን የሚሰጠው ለተጫዋቹ ሳይሆን ለአምበሉ ነው፤ «ሰውህን አውጣ» ይለዋል። አጥፊውን የሚያስወጣው የገዛ አለቃው ነው። አምበሉ «አላወጣም» ካለ ደግሞ ጨዋታው ለተጋጣሚው ይሰጣል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ወገኑን መቅጣት የፈቃድ ጉዳይ ሳይሆን ግዴታ ሆነ፤ እምቢ ያለ ወገን ደግሞ የሚያጣው ከሌላ ኪስ የሚከፈል ገንዘብ ሳይሆን የመጣበትን ጨዋታ ነው። በእንግሊዝ የመንደር እግር ኳስም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዳኛን በቃል የተዳፈረ ተጫዋች ለ10 ደቂቃ ከሜዳ እንዲቀመጥ ተደርጓል። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች በአጥፊው ምክንያት የሚቸገሩት የራሱ ባልደረቦች ናቸው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አፉን የሚይዙለት እነርሱ ይሆናሉ።

ይህን ከውጭ መቅዳት አለብን አልልም፤ ነገሩ በእጃችን አለና። እድር ያለው ሕዝብ ነን። በእድር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ የሚቀጣውም ጎረቤቱ ነው፤ በማግስቱ ግን አብረው ቡና ይጠጣሉ። በየከተማችን እሑድ ጠዋት የሚጫወቱትን የጤና ቡድኖች ተመልከቱ። ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዳኛቸው ብዙ ጊዜ ከመካከላቸው የተመረጠ ነው፤ ዘግይቶ የመጣና የተሳደበ የሚቀጣበት የራሳቸው ስምምነት አላቸው። በእነዚህ ሜዳዎች የሚያጣላ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ የሚጣሉትን የሚያስታርቅ ግን ከዚያው አለ። ዋስ ጠርቶ የመዋዋል ልማድም የእኛው ነው። ታዲያ በሌላው ኑሯችን የምናውቀውን ሥርዓት በስታዲየም በር ላይ ለምን አራግፈን እንገባለን?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በቀበሌ፣ በወረዳና በዞን የሚካሄድ ማንኛውም ውድድር ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ቡድን ከደጋፊዎቹ መካከል በስም የታወቁ ዋሶች ያቅርብ። ዋሶቹ የሚጠየቁት ስለ ባላጋራው ሳይሆን ስለ ራሳቸው ወገን ብቻ ይሁን። ዳኛን የተዳፈረ ተጫዋች በአምበሉ ቃል ከሜዳ ይውጣ፤ አምበሉ እምቢ ካለ ጨዋታው ያብቃ፤ ውጤቱም ለተጋጣሚው ይመዝገብ። ብሔር እየጠራ የሚሳደብ ደጋፊ ካለ ዋሶቹ ይለዩት፤ ካልለዩት ቡድኑ በሚቀጥለው ግጥሚያ ያለ ደጋፊ ይጫወት። የገንዘብ ቅጣት ካለም ከሕዝብ በጀት መክፈል ይከልከል፤ ክለቡ ከደጋፊ ማኅበሩና ከአጥፊው ይሰብስበው። ጉልበት ያለው ወጣት የሰበረውን ወንበር በገንዘብ መክፈል ቢያቅተው በጉልበቱ ይጠግነው። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አዲስ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ትንሽ ድፍረት ነው።

ሁለት ተቃውሞዎችን አውቃለሁ። አንደኛው «ዳኞቹ ያዳላሉ፤ ፍትሕ በሌለበት ትዕግሥት ሞኝነት ነው» የሚለው ነው። ዳኛ ሊያዳላ ይችላል፤ ያዳላ ዳኛም መጠየቅ አለበት። ነገር ግን በድብደባ የተስተካከለ ዳኝነት የት ታየ? የተደበደበ ዳኛ በሚቀጥለው ጊዜ ትክክለኛውን ሳይሆን የማያስደበድበውን ይፈርዳል። ፍትሕ የሚፈልግ ሰው ዳኛውን ከፍርሃት ነፃ ማውጣት አለበት። አቤቱታ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ይግባኝ ይባል፤ የተዛባ ውሳኔ በስም ይጋለጥ። ዱላ ግን አቤቱታ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «አገር በጦርነት እየታመሰ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል፣ በምሥራቅ ጎጃምም ጭምር፣ ሰው እየሞተ፣ አንተ ስለ ኳስ ሜዳ ጠባይ ትጽፋለህ?» የሚል ሰው ይኖራል። የሞተውን ሰው ኳስ አይመልሰውም፤ ይህን አልስተውም። ግን እስቲ እናስብ፤ ጦርነትን ያለማቋረጥ የሚመግበው ምንድን ነው? ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የያዝነው ጉዳይ አይደለምን? የእኔ ወገን ያደረገው ሁሉ ምክንያት አለው፤ የሌላው ወገን ያደረገው ሁሉ ወንጀል ነው የምንል ሰዎች ሆነናል። ይህን ልማድ በጠመንጃ ፊት መለወጥ እጅግ ከባድ ነው፤ የሚናገር ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በመንደር ኳስ ሜዳ ግን ወገንን መገሠጽ የሚያስከፍለው ቢበዛ የጓደኛ ኩርፊያ ነው። በኩርፊያ ዋጋ ልንማረው የምንችለውን በደም ዋጋ እስክንማረው መጠበቅ አለብን?

ለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ ለፌዴሬሽን ሳይሆን ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የምጽፈው። ፌዴሬሽኑ የራሱ ዕዳ አለበት፤ የከተማ አስተዳደሮችም እንዲሁ። ነገር ግን በሚቀጥለው ግጥሚያ ከአጠገባችሁ ያለው ወንድማችሁ ድንጋይ ሲያነሣ ወይም በስልኩ ላይ ስድብ ሲጽፍ፣ የፌዴሬሽኑ ሰው ከጎኑ አይኖርም። ከጎኑ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ዝም ካላችሁ ድንጋዩን አቀብላችሁታል። «ተው» ካላችሁት ምናልባት ይቆጣል፤ ምናልባትም «ከሃዲ» ይላችኋል። ይበላችሁ። በገና ዕለት ቅልጥሙን የተመታ ጌታ የቻለውን ኩርፊያ፣ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሰው እንዴት አይችለውም?

ቸር ወሬ ያሰማን።